ከጎማ አጓት የወጣ ስኳር

ባለፈው ሳምንት አንዲት የማላውቃት ተማሪ ኢሜይል ጻፈችልኝ። የምታጠናው የጎማ ፋብሪካ ፍሳሽ ነው። ካምፓላ ሳለሁ የጻፍኩትን የማስተርስ ጽሑፍ ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ ገጽ በገጽ አንብባዋለች። እኔ ራሴ ከዚያ ወዲህ ገልጬው አላውቅም። በትሕትና ከደረደረቻቸው ጥያቄዎች መሃል አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ከፍሳሹ ያወጡትን ስኳር አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ለዐሥር ቀን ተጠቅመውበት ምንም ችግር እንዳላመጣባቸው ጽፈዋል። ይህን ልጠቅሰው እችላለሁ ወይ?»

የዚያኑ ዕለት መለስኩላት። አትጥቀሺው፣ ያ ዓረፍተ ነገር ውሸት ነው አልኳት። ደንግጣ ይሁን አፍራልኝ፣ አመሰግናለሁ ብቻ ብላ መለሰች። እንዴት ውሸት እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔው ግን እዚያው ተቀምጦ ነቅዟል።

ነገሩ የሆነው ኮሮና ካምፓላን ለሁለተኛ ጊዜ በዘጋበት ዓመት ነው። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ኮረብታው ላይ ባለው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ እማራለሁ፤ የምኖረው ከኮረብታው ግርጌ፣ ስድስት ክፍሎች አንድ ግቢና አንድ መጸዳጃ ቤት የሚጋሩበት ቦታ ነው። የግቢው ባለቤት ማማ ናካቶ የሚባሉ ሴትዮ ነበሩ፤ ድምፃቸው ከፍ ያለ፣ ልባቸው የዋህ። ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ጋሽ መኩሪያ ይኖራሉ። አገር ቤት ሳሉ የቴሌ ቴክኒሻን ነበሩ። ከአገር የወጡበትን ምክንያት እሳቸውም አይናገሩም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ካምፓላ ውስጥ የሰው ስልክና ሬዲዮ እየጠገኑ ይኖሩ ነበር። ስልሳን አልፈዋል፤ ሸሚዛቸው ምን ጊዜም የተተኮሰ ነው።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሜልበርን የምትኖር። አባቷን ለመውሰድ ማመልከቻ ካስገባች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ጋሽ መኩሪያ ስድስቱን ዓመት የኖሩት ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩበትን ቀን እየጠበቁ ነው። አንድ ጊዜ ተጠርተው ነበር፤ ኮሮና መጣና ተሰረዘ። አሁን እንደገና ቀን ተሰጥቷቸው፣ ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ናጉሩ አካባቢ ወዳለ ቢሮ እንዲመጡ ተነግሯቸዋል። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልለው ፍራሻቸው ሥር አስቀምጠውታል። ከሰዓት በኋላ ደጃፋችን ላይ በርጩማ አውጥተን በእንግሊዝኛ አለማምዳቸው ነበር። «ልጅዎ ስንት ዓመቷ ነው?» እላለሁ እንደ መኮንን ኮስተር ብዬ። ይመልሱና ወዲያው በአማርኛ፣ «እንዲህ ስትኮሳተሪ ቪዛ የምትከለክይኝ ነው የሚመስለው» ይሉኛል።

የእኔ ጥናት ለሰው ሲነገር ያስቃል። የጎማ ዛፍ ቅርፊቱ ሲበጣ ነጭ ወተት ያወጣል። ወተቱ ላይ አሲድ ጠብ ሲደረግበት እንደ አይብ ይረጋል፤ የረጋው ተዳምጦና ደርቆ ጎማ ይሆናል። የሚቀረው ብጫማ ውኃ ይደፋል። አይብ ያወጣ ሰው ያውቀዋል፤ አጓት ማለት ነው። የጎማ አጓት ግን ሲያድር የሚከረፋ፣ የተደፋበትን ረግረግ የሚያበላሽ ነገር ነው። ያም ሆኖ ውስጡ ፕሮቲን አለበት፣ ጥቂትም ስኳር መሰል ነገር አለበት። ይህ ስኳር ኬብራኪቶል ይባላል፤ መድኃኒት የሚቀምሙ ሰዎች ይፈልጉታል። የኔ ሥራ ያን ከሚደፋው ውኃ ለይቶ ማውጣት ነበር። የክፍል ጓደኞቼ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ከተማዋ ከመዘጋቷ በፊት አጓቱን የማመጣው ከጂንጃ መንገድ ገባ ብላ ካለች ትንሽ የጎማ ማምረቻ ነው። ጋሽ መኩሪያ ጀሪካን ሊያግዙኝ አብረውኝ ይሄዱ ነበር። መንገዱ ያምራል፤ ግራና ቀኙ ሸንኮራ አገዳ፣ ከዚያ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ከዝናብ በኋላ ቀዩ አፈር ይተናል። ታክሲው ሲቆም ሻጮች የተጠበሰ ሙዝና በእንጨት የተሰካ ዶሮ ይዘው መስኮቱን ይከቡታል። ስንመለስ ከጎናችን የሚቀመጥ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ መስኮት ይከፍታል። ጋሽ መኩሪያም ጀሪካኑን በእግራቸው ሸፍነው፣ ሽታው ከሌላ ሰው እንደመጣ ዙሪያቸውን ይቃኛሉ። እንደዚያ የሳቅኩበት ዘመን ትንሽ ነው።

ከዚያ ሁሉም ነገር ተዘጋ። ላብራቶሪው ተቆለፈ። አማካሪዬ በስልክ፣ «ያለሽን ይዘሽ ጻፊ፣ ዕቃው ውስጥ ነው፣ ማንም አይገባም» አሉኝ። እኔ ግን አጓቱን እንዳይበላሽ ቀድሜ አፍልቼ ወፍራም ሽሮፕ አድርጌው ነበር። ቀደም ብዬ ከኪኩቦ ገበያ የገዛሁት ትልቅ ድስትና አቡጀዴም ነበረኝ። ግቢው ጥግ ከሰል አቀጣጥዬ አፈላሁ፣ የረጋውን ፕሮቲን በአቡጀዴ አጠለልኩ፣ እጅ ለማጽጃ ከተረፈኝ አልኮል ጥቂት ቀንሼ አጠብኩ፣ አቀዘቀዝኩ። ጋሽ መኩሪያ የተሰበረ ቴርሞሜትሬን በሬዲዮ ዕቃ ጠጋግነው ሠሩልኝ። በሦስተኛው ሙከራ ድስቱ ግርጌ ነጫጭ ጠጠሮች ታዩ። ጣቴን አርሼ ቀመስኩ፤ ይጣፍጣል። ዘልዬ ሄጄ ማማ ናካቶን አቀፍኳቸው። ርቀት መጠበቅ የሚባለውን ረስቼዋለሁ።

ጋሽ መኩሪያ ስኳር በሽታ ከያዛቸው ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይውጣሉ፣ ማቶኬ የሚባለውን የሙዝ ቅቅል እንኳ በልክ ነው የሚበሉት። ያልቻሉት ነገር ሻይ ነው። በልጅነታቸው ሻይ አራት ማንኪያ ስኳር ገብቶበት ስለለመዱ፣ ባዶውን ሻይ፣ «ይሄ ቅጠል የታጠበበት ውኃ ነው» ይሉታል። ያን ቀን ጠጠሩን በሶስር ይዤላቸው ሄድኩ።

«ምንድን ነው?»

«ስኳር ነው፤ ግን እንደ ስኳር አይደለም። ሰውነት አይፈጨውም። ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ አያደርገውም።»

«አያደርገውም?»

«አያደርገውም።»

አያደርገውም ማለትና አያደርገውም ተብሎ ይታሰባል ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የማውቀው ሁለተኛውን ነበር፤ የነገርኳቸው አንደኛውን ነው። ንጽሕናውን የምለካበት መሣሪያ በተቆለፈው ክፍል ውስጥ ነበር። እንዲህ ዓይነት ስኳሮች ሆድ እንደሚያውኩም መማሪያ መጽሐፍ ላይ አንብቤያለሁ፤ አንብቤ አልፌዋለሁ። ጋሽ መኩሪያ ሁለት ማንኪያ አማስለው ጠጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ዐሥራ አንድ ዓመት» አሉ። የዚያን ጊዜ ፊታቸውን ያየ ሰው ነገ አልሰጥም ማለት ይከብደው ነበር።

ነገሩ በደግነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም። ዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ሥራ የሚወዳደርበት ዝግጅት ነበረው፤ በኢንተርኔት እየተያየን የምናቀርበው፣ ቀኑም ሐሙስ፣ የጋሽ መኩሪያ ቃለ መጠይቅ ዋዜማ። ያሸነፈ ሥራውን የሚቀጥልበት ድጋፍ ያገኛል። አማካሪዬ ደጋግመው ያሉኝ፣ «ለምን ይጠቅማል ብለው ይጠይቁሻል» ነው። እኔም አንድ የስኳር ሕመምተኛ ሰው ዐሥር ቀን ተጠቅመውበታል፣ ምንም አልሆኑም ብዬ ስመልስ ታየኝ። ደብተር ገዛሁ። ቀን፣ መጠን፣ ስሜት ብዬ አሰመርኩ። ፈቃድ የሚባል ነገር እንዳለ፣ ሰው ላይ ማንም ተማሪ በገዛ ራሱ እንደማይሞክር አውቅ ነበር። ሙከራ አይደለም፣ ሻይ ነው አልኩ ለራሴ።

ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ ቆሜ እጠይቃለሁ።

«እንዴት አደሩ ጋሽ መኩሪያ? ሆድዎን ምንም አላለዎትም?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም።»

ምንም ብዬ እጽፋለሁ።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ሰዎች አንድ ነገር ማለት አለብኝ። አበሻን፣ ያውም ትልቅ ሰውን፣ በእጅ የሰጡትን ነገር ተስማማህ ወይ ብሎ መጠየቅ መልሱን ራስ ጽፎ እንደመስጠት ነው። ይሉኝታ አለ። የቀረበለትን መልሶ የሰው ልፋት ከሚያሳፍር፣ ሆዱ ቢነድ ይመርጣል። ጉርሻ አንቆት «ይጣፍጣል» ያለ ሰው ያላየ ማን አለ? ይህን ስሕተት ፈረንጅ ቢሠራው ባህሉን ስላላወቀ ነው ይባላል። እኔ ግን ይሉኝታ እየበላሁ ያደግኩ ነኝ። «ምንም» የሚለው ቃል መልስ እንዳልሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ለዚህም ይመስለኛል የጠየቅኳቸው።

በአራተኛው ቀን የመጸዳጃ ቤቱ ቆርቆሮ በር ያለወትሮው ሲንቋቋ መስማት ጀመርኩ። በሩ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብዬ ስጽፍ ይንቋቋል፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይንቋቋል። ማን እንደሆነ ቀና ብዬ ላለማየት አንገቴን ደፋሁ። በአምስተኛው ቀን ማማ ናካቶ ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎና ባቄላ ሠርተው ለሁላችን አካፈሉ፤ ጋሽ መኩሪያ ሳህናቸውን ሳይነኩ ጠግቤያለሁ አሉ። በሰባተኛው ቀን ቀበቶአቸው ላይ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አየሁ። ያን ቀን ሻዩን ስሰጣቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እውነት ምንም አላለዎትም?» አልኳቸው። ከወትሮው ረዘም አድርገው አዩኝ።

«ምን እንዲለኝ ነው የምትፈልጊው?» አሉና ፈገግ አሉ።

እኔም ፈገግ አልኩ። ሻዩን ተቀበሉኝ።

በዚያች ቅጽበት ብርጭቆውን ከእጃቸው ብወስድ የሚቀርብኝ ሦስት መስመር ነበር። ደብተሩ ላይ ሰባት «ምንም» ተጽፏል፤ ሦስት ይቀረኛል።

ሐሙስ ዕለት አቀረብኩ። ስልኬን ጣሳ ላይ አስደግፌ፣ ከላይ ሸሚዝ ከታች ቁምጣ ለብሼ። ከዳኞቹ አንዷ ስለ ጥቅሙ ጠየቁኝ፤ ዐሥሩን ቀን ነገርኳቸው። ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። አንደኛ ባልወጣም ከተመረጡት መሃል ሆንኩ። እየሮጥኩ ወደ ጋሽ መኩሪያ በር ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፣ እሳቸው ግን ጋቢ ተከናንበው ተኝተዋል። ነጩ ሸሚዛቸው ለነገ ተተኩሶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከንፈራቸው ደርቋል።

«አሸነፍን» አልኳቸው።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ። እኔማ ታሸንፊያለሽ ብያለሁ።»

«አመመዎት እንዴ?»

«ኧረ ምንም። ለነገ ጉልበት ላጠራቅም ብዬ ጋደም አልኩ።»

በማግስቱ ጠዋት ቦዳ የሚሉትን የሞተር ብስክሌት ታክሲ ጠርቼ በራቸውን አንኳኳሁ። ሸሚዙን ለብሰዋል፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ለማሰር ይጎነበሳሉ፣ አይደርሱበትም። ሊነሱ ሲሉ ግድግዳውን ይዘው ወደ ወለሉ ወረዱ። ጩኸቴን ሰምተው ማማ ናካቶ መጡ። የሽማግሌውን ክንድ ቆንጠጥ አድርገው ቆዳው ቆሞ ሲቀር አዩና ወደ እኔ ዞሩ። እንግሊዝኛውን ከሉጋንዳ እየቀላቀሉ ነው የተናገሩት፤ ትርጉሙ ይህ ነው፦

«ሽማግሌው ሳምንቱን ሙሉ ወደ መጸዳጃ ቤት ይሮጣል። ትናንት ዘጠኝ ጊዜ ሄዷል፤ እኔ በጓሮ ሆኜ ቆጥሬያለሁ። አንቺ መስኮትሽ እዚያው ነው። አልሰማሽም?»

አልሰማሁም አልኳቸው።

ክሊኒክ ወሰድናቸው። ውኃ ከሰውነታቸው አልቋል ተብሎ ግሉኮስ የሌለበት ፈሳሽ ተተከለላቸው። ሐኪሙ፣ «ምን በልተው ነው?» ሲል ጋሽ መኩሪያ ቀድመውኝ፣ «የመንገድ ሮሌክስ ነው መሰለኝ፣ እንቁላሉ ሳይበላሽ አልቀረም» አሉ። መንገድ ላይ የሚሸጠውን በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል ማለታቸው ነው፤ የመንገድ ምግብ ግን በአፋቸው እንደማይዞር አውቃለሁ። እኔ ግን አፌን ዘጋሁ። ሦስት ሰዓት ሲሆን አልጋው አጠገብ ቆሜ ነበር። እሳቸው ሰዓታቸውን አዩ፣ መልሰው እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተቱ። እኔ በወረቀቱ ላይ ወዳለው ስልክ ብደውል ብደውል መስመሩ ተይዟል። ከሦስት ቀን በኋላ የሐኪም ማስረጃ ይዘን ሄድን። በር ላይ ያለችው ሴት መልካም ሰው ነበረች፤ ወረቀቱን ተቀብላ ተራዎ ሲደርስ ይጠራሉ አለች። ያ ተራ እስካሁን አልደረሰም።

ከዚያ በኋላ ጽሑፌን ለመጨረስ ሦስት ወር ነበረኝ። ያችን ዓረፍተ ነገር ለማውጣት የሚበቃ ጊዜ ነው። አላወጣኋትም። ባወጣት ለምን ወጣች ይሉኛል፣ የተናገርኩት ሁሉ ይመረመራል ብዬ ፈራሁ። ተመረቅኩ። የምረቃዬ ቀን ጋሽ መኩሪያ ያንኑ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው መጥተው እልል አሉልኝ፤ ወንድ ልጅ እልል ሲል ዩጋንዳውያኑ ዞረው አዩን። ከዚያ ወደ አገሬ ተመለስኩ፤ አሁን አዳማ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የሙከራ ውጤት አሳምረው ሲጽፉ ስይዛቸው በጣም እቆጣለሁ። ኃይለኛ ናት ይሉኛል።

በየበዓሉ እደውልላቸዋለሁ። ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው የሚያወሩት፤ እኔ እሰማለሁ። ለተማሪዋ ኢሜይል በመለስኩ በማግስቱ ግን በዓል ሳይሆን ደወልኩ። ደነገጡ። ደኅና ነኝ አልኳቸውና ትንፋሼን ሰብስቤ ጀመርኩ።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ያን ጊዜ ሆድዎ እንደታወከ አውቅ ነበር። ቀበቶዎን አይቻለሁ፣ በሩን ሰምቻለሁ። እያወቅኩ ነው ምንም ብዬ የጻፍኩት።»

ከበስተጀርባቸው አንድ ቦዳ እየጮኸ ሲያልፍ ሰማሁ።

«አውቃለሁ» አሉኝ በመጨረሻ።

«እንደማውቅ ያውቁ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ጠጡት?»

«አንቺ ነሻ የምትሰጪኝ» አሉ፣ ድምፃቸው ላይ ቁጣ የለም። «ዛሬ ይበቃዎታል ትለኛለች፣ ካልሆነ ነገ ትለኛለች እያልኩ ስጠብቅሽ ነበር።»

ይቅርታ አልኳቸው። ተዪው እንጂ፣ ስንት ዓመት ያለፈውን አሉኝ፤ አዳማ ዘንቧል ወይ ብለውም ጠየቁኝ። ዘንቧል አልኳቸው። ስለ ዝናብ ትንሽ አወራን።

ስልኩን ዘጋሁ። ስጠይቃቸው የከረምኩት እኔ፣ መመለስ የነበረባቸው እሳቸው ይመስለኝ ነበር። መልሱ የሚጠበቀው ከእኔ ኖሯል። ይበቃዎታል ማለት አንድ ቃል ነው፤ ዐሥር ቀን ሙሉ ምላሴ ላይ ነበር። ብዬው ቢሆን ኖሮ ባለፈው ሳምንት የደወልኩት ወደ ካምፓላ አይሆንም ነበር፤ ወደ ሜልበርን ነበር።